ጎማን በቁጥሩ እንጂ በስሙ አንግዛ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታየው መኪና ተቀይሯል። ከዊንጌት ወደ አስኮ የሚያልፈውን ሸጎሌ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ለውጡን በዓይኑ ያየዋል። ድምፅ አልባ፣ ቁመታቸው ከፍ ያለ፣ ክብደታቸው የበዛ መኪኖች ከቪትዙና ከኮሮላው መሐል ገብተዋል። ስለ ባትሪያቸው፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያቸውና ስለ ዋጋቸው ብዙ ተብሏል። ስለ ጎማቸው ግን እምብዛም አልተወራም። ከእነዚህ መኪኖች መካከል ቀድመው የገቡት ይዘውት የመጡትን ጎማ እየጨረሱ፣ ባለቤቶቻቸውም ሁለተኛውን ለመግዛት ገበያ እየወጡ ነው። ጉዳዩ ሳይዘገይ አቋም ሊያዝበት የሚገባ የደኅንነት ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ጉልበተኛ መኪናን ለሥራና ልጅ ለማመላለስ በየቀኑ የሚነዳ ሰው መግዛት ያለበት፣ ፋብሪካው ያዘዘውን ልክ የጠበቀ፣ የመሸከም ቁጥሩ ከመጀመሪያው ያላነሰ፣ በዝናብ ጊዜ መንገድ የሚቆነጥጥና በቅርብ ጊዜ የተመረተ መደበኛ የከተማ ጎማ ነው። ጎኑ የሳሳ፣ ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ የስፖርት ጎማ ለሸጎሌ አይሆንም። የት እንደዋለ የማይታወቅ ያገለገለ ጎማ ደግሞ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይሆንም።

ጉልበተኛ ስንል የውድድር መኪና ማለታችን አይደለም። ብዙዎቻችን መንዳት የተማርንበት ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን አይበልጥም። ዛሬ በየሰፈሩ የሚታየው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ 204 የፈረስ ጉልበትና 310 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይዞ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነው። የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ጉልበቱ ከዚሁ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ክብደቱ ሁለት ቶን ገደማ ነው።

ከዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ የሚጨምረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ግርጌ የሆነው የጉለሌ ወገን ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጉልበት ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ እጅ ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የሚያጣው የለም። ስለዚህ ቪትዙ እዚህ ሲደርስ ወደ 55 የፈረስ ጉልበት ሲወርድ፣ ዩዋን ፕላሱ 204ቱን እንደያዘ ዳገቱን ይወጣዋል። የመጠምዘዝ ኃይሉም ፔዳሉ ከተረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ጎማው ላይ ያርፋል። በነዳጅ መኪና ለዓመታት የለመደ እግር ይህንን በአንድ ሳምንት አይለምደውም። መኪናውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። ሁለት ቶን የሚነሳውም፣ የሚቆመውም፣ ኩርባ የሚዞረውም በአራት መዳፍ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በደረቅና ደህና አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ 18 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል፤ አሽከርካሪው አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚያልፈው ርቀት ሳይቆጠር ማለት ነው። መንገዱ ረጥቦ፣ የጎማው ጥርስ አልቆ መቆንጠጡ በግማሽ ከቀነሰ ይኸው ርቀት 35 ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ከሆነ ወደ 44 ሜትር ይደርሳል። መኪናው ያው፣ ሹፌሩ ያው፣ ፍሬኑም ያው ነው። በ18 ሜትሩና በ44 ሜትሩ መካከል ባለው 26 ሜትር ውስጥ በሸጎሌ መንገድ ስንት ሰው እንደሚያቋርጥ የሰፈሩ ነዋሪ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለ ጎማ ምርጫ ስንጽፍ ስለ መኪናው ባለቤት ምቾት ብቻ እየጻፍን ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሸጎሌ የአውቶቡስ ዴፖ ያለበት፣ በአስኮና በቡራዩ በኩል የሚገባው የጭነት መኪና የሚበዛበት ሰፈር ነው። በበጋ ወራት ከትልልቆቹ መኪኖች የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ከአቧራው ጋር አስፋልቱ ላይ ይጋገራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ይህ ሁሉ ይነሳና መንገዱን ሳሙና ያስመስለዋል። ልምድ ያለው ሹፌር ከሐምሌው ዶፍ ይልቅ የበልጉን የመጀመሪያ ካፊያ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዶፉ መንገዱን ያጥበዋል፣ ካፊያው ግን ያቦካዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ደግሞ ኮብልስቶኑ አለ። በመኪና ብዛት የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ሲረጥብ ከአስፋልት ይልቅ ያንሸራትታል። በእንዲህ ያለ ቦታ 310 ኒውተን ሜትር በሁለት የፊት ጎማ ብቻ የሚያወጣ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ፣ ጎማው ደህና ካልሆነ መሽከርከር እንጂ መሄድ አይሆንለትም።

እንግዲህ የቱ ጎማ ደህና ነው? መልሱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ከዊንጌት መስመር ዳር ካሉት የጎሚስታ ቤቶች አንዱ ጋ ቆሞ አንዱን ጎማ ማንበብ ይበቃል። 235/55 አር 19 የሚል ካገኘን፣ 235 በሚሊ ሜትር የተለካ ስፋቱ ነው። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 19 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሻጩም «ልኩ ነው» ብሎ ገንዘቡን ይቀበላል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ነው። 82 ከሆነ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል፤ 94 ከሆነ 670፣ 99 ከሆነ 775፣ 103 ከሆነ 875 ኪሎ። ለቪትዝ 82 በቂ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ለጫነ የኤሌክትሪክ መኪና 94 እንኳ አይበቃው ይሆናል። አንድ ዓይነት ልክ ያላቸው ሁለት ጎማዎች የመሸከም ቁጥራቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ረከስ ያለው ብዙ ጊዜ ትንሹን ቁጥር የያዘው ሆኖ ይገኛል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም። ከውስጥ እየጋለ፣ ክሩ ከላስቲኩ እየተላቀቀ ይቆይና ረጅም መንገድ ላይ፣ በፍጥነት ላይ ሳለ ይበተናል። «ኤክስ ኤል» የሚል ጽሑፍ ለተጨማሪ ጭነት መጠናከሩን ስለሚያመለክት ለከባድ መኪና ተፈላጊ ነው።

ከመሸከም ቁጥሩ አጠገብ ያለችው ፊደል ፍጥነትን ትናገራለች። «ኤች» እስከ 210፣ «ቪ» እስከ 240፣ «ደብሊው» እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ናት። ፋብሪካው ካዘዘው ፊደል በታች መውረድ አይገባም፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት ገንዘብ መጨመርም ለአገራችን ሹፌር ትርጉም የለውም። ያ ገንዘብ በእርጥብ መንገድ ለመቆንጠጥ ቢውል ይሻላል። በብዙ ጎማዎች ላይ «ትራክሽን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ኤኤ»፣ «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ሲ» ይጻፋል። ይህ ጎማው በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታው የተለካበት ደረጃ ነው። ከ«ኤ» በታች የሆነውን ለጉልበተኛ መኪና አንመክርም። «ትሬድዌር» የሚለው ቁጥር ደግሞ የዕድሜ ግምት ነው። ቁጥሩ በጣም የበዛ ጎማ ለብዙ ኪሎ ሜትር ቢያገለግልም፣ ላስቲኩ ጠንከር ስለሚል ብዙውን ጊዜ የመቆንጠጥ አቅሙ ዝቅ ይላል። ነጋዴው «ይህ አያልቅም» ብሎ ሲያሞግስ፣ ገዢው በዝናብ እንዴት እንደሚይዝም ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ አጥብቀን የምንናገረው ስለ ዕድሜው ነው። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ በተለየ የምንሳሳትበት ወጥመድ አለ። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። 3218 የሚል ጎማ ያየ ገዢ «የዘንድሮ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ያ ጎማ ግን የተመረተው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ፣ መልኩ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ፣ አንድም ኪሎ ሜትር ያልተነዳ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ ግን መጋዘን ተቀምጦም ይደርቃል። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ደግሞ ምንም ቢመስል መነሳት አለበት። ሻጩ ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል። አውቆ የሚሸጥ ግን በሰው ሕይወት ይነግዳል።

የዕድሜ ነገር የተጋነነ የሚመስለው ካለ የተዋናይ ፖል ዎከርን ሞት ያስታውስ። በፊልሞቹ አገራችንም ውስጥ እጅግ የሚወደደው ይህ ሰው በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሞት የተሳፈረባት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበራት። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ዓመት ባወጣው የምርመራ ውጤት ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ገለጸ፤ መኪናዋ በሰዓት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር። ከዚያው ጋር ግን ጎማዎቿ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መሆናቸውንና ይህም የመኪናዋን አያያዝ ሊጎዳ እንደሚችል መዝግቧል። ጎማ መግዛት የማይቸግረው ሰው መኪና ላይ እንኳ ያረጀ ጎማ ሊቀር መቻሉን ልብ ይሏል። ጥርሱ ያላለቀን ጎማ ማንም አይጠረጥረውምና።

ሰፊና ስስ የስፖርት ጎማን የተቃወምነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ብርድ ነው። ለውድድር የቀረበ የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ይጠነክርና መያዙን ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ የእንጦጦ ግርጌ ቅዝቃዜ ከዚያ ቁጥር አካባቢ አይርቅም። ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። የጎኑ ቁመት አጭር የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ድንጋጤውን የሚያበርድበት አካል ስለሌለው ቸርኬው ይጎብጣል፣ ወይም የጎማው ጎን ያብጣል። ጎኑ ያበጠ ጎማ ክሩ ተበጥሷል፤ ጎሚስታም ሊያድነው አይችልም። ብዙ መኪኖች በፋብሪካ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የቸርኬ ልክ ይፈቀድላቸዋል። 17ም 19ም ከተፈቀደ 17ቱን መምረጥ ለመንገዳችንም ለኪሳችንም ይበጃል። መልኩ ያንሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኛ ግን ለዚህ ሰፈር መንገድ ወፍራሙን ጎን እንመርጣለን።

የዋጋውን ነገር አቅልለን አናየውም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ክፍት ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፤ ጎማም ከዚህ አልተረፈም። በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ በኋላ ማታዶር ቀጥሎም ሆራይዘን የሚል ስም የተጨመረለት አዲስ ጎማ ፋብሪካም ለረጅም ጊዜ በጥሬ ዕቃና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲፈተን ኖሯል። አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት ለደመወዝተኛ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው ቢኖር አንወቅሰውም፤ አዲሶቹን የት እንደሚያስገባ ግን ይወቅ። አብዛኛው ሹፌር «መሪው ፊት ነው» ብሎ አዲሶቹን ፊት ያስገባል። የጎማ አምራቾች ምክር ከዚህ ይቃረናል፤ አዲሶቹ ኋላ ይግቡ ይላሉ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሹፌሩ መሪው ላይ ይሰማዋል፣ ፍጥነት ቀንሶም ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደ ኋላ እስኪያደርግ ድረስ ማስጠንቀቂያ የለም። ፊት ያሉት አሮጌዎች ጥርሳቸው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ግን እነሱም የሚቀየሩበት ጊዜ ደርሷል። የአውሮፓ ሕግ የሚፈቅደው 1.6 ሚሊ ሜትር ለክረምታችን ያንሳል እንላለን።

ከፊትና ከኋላ እያቀያየሩ መንዳት ዕድሜ ይጨምራል፤ በተለይ ጉልበቱ በሁለት ጎማ ብቻ በሚወጣበትና በፍሬን ጊዜ ኃይል የሚመለሰውም በእነዚያው በኩል በሆነበት የኤሌክትሪክ መኪና። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ማቀያየር ጥሩ ልማድ ነው። አይዲ 4 ግን ከዚህ ደንብ ይወጣል። በ19 ኢንች ቸርኬ በሚመጣው ላይ የፊቱ ጎማ 235፣ የኋላው 255 ስፋት ስላለው ፊትና ኋላ አይቀያየሩም። ይህን ሳያውቁ አራት እኩል ጎማ የገዙ፣ ወይም ሲያቀያይሩ ቦታ ያዛነፉ ባለቤቶች እንዳይበዙ እንሰጋለን።

ጎሚስታዎቻችን የሚመሰገኑ ባለሙያዎች ናቸው። ጎማውን ውኃ ገንዳ ውስጥ ነክረው ከአንዲት አረፋ ቀዳዳውን የሚያገኙ፣ ሌሊትም ቢጠሩ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። አዲሶቹ መኪኖች ግን አዲስ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ክሪክ የሚገባው ፋብሪካው ባመለከታቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ ባትሪው ሥር ከገባ ከጎማው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ንብረት ይበላሻል። የመንገድ ድምፅ ለመቀነስ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ጎማ ሲገጥማቸው ስፖንጁን በልኩ ቆርጠው፣ ከውስጥ ለጥፈው መልሰው ሊያስተካክሉት ይገባል። ብዙዎቹ መኪኖች ስኮርታ ጎማ ስለሌላቸው ሹፌሩ ከከተማ ከመውጣቱ በፊት የመድፈኛ መሣሪያ መያዙን አይቶ ይውጣ።

ነፋሱም እንደ ጎማው ቁጥር አለው። ትክክለኛው ልክ የተጻፈው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። ልኬቱ መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን። ከጎጃም በር ተነስቶ በጎሐ ጽዮን በኩል አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው፣ ከፍታው በ1,400 ሜትር ገደማ ሲቀንስ መለኪያው በዚያ ምክንያት ብቻ 2 ፒ ኤስ አይ ገደማ ዝቅ እንደሚልበት፣ በሌላ በኩል የበረሃው ሙቀትና የቁልቁለቱ ፍሬን ከፍ እንደሚያደርጉት ይወቅ። ስለዚህ መንገድ ላይ በጋለ ጎማ ነፋስ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። ጎማው ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛልና።

የመንግሥት ድርሻም አለ። ለአዲስ አበባ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣንና በሥሩ ለሚሠሩ የምርመራ ተቋማት ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ለቦሎ የሚቀርብ መኪና ሁሉ የአራቱ ጎማዎች የምርት ሳምንትና ዓመት፣ የመሸከም ቁጥራቸውም ከመኪናው ጋር መመጣጠኑ ተነቦ ይመዝገብ። ወረቀትና እርሳስ እንጂ ማሽን አይጠይቅም፤ ለአንድ መኪና ከአምስት ደቂቃ በላይም አይፈጅም። የምርት ዓመቱ ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ዓመተ ምሕረት ተመልሶ ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርም ጎማ አስመጪዎችና ሻጮች ይህንኑ ዓመት በዓመተ ምሕረት አቆጣጠር ከዋጋው ጎን ለጥፈው እንዲሸጡ፣ በደረሰኙም ላይ እንዲጽፉ ያስገድድ። ከሶማሌ ተራ ጎማ ገዝቶ ወደ ሸጎሌ የሚመለስ ሰው ደረሰኙ ላይ «ነሐሴ 2010» የሚል ቢያነብ፣ ያንን ጎማ መኪናው ላይ ሳያስገጥም ወደ ሱቁ ይመልሰዋል።